የጭብጨባው ዕለት

እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ራሷን ችላ መዞር ስለማትችል ሰው ካላገላበጣት ጀርባዋ ይቆስላል። ሚስቴ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ እኔ ለሳኝ ነኝ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ስዞር እውላለሁ። እናቴን የምታጥባት፣ የምታጎርሳትና የምታገላብጣት ከሌላ አገር ተሰዳ የመጣች ሴት ነበረች። ቁመቷ ዘለግ ያለ ስለሆነ እናቴ «መለሎዬ» ትላታለች። እኛም ስሟን ሳንጠይቃት በዚያው ቀረን።

አንድ ቀን የምለስነው ሕንፃ ፎርማን፣ «ባንተ የቀን ክፍያ ሁለት ስደተኛ አሠራበታለሁ» ብሎ አሰናበተኝ። ሁለት ወር ሥራ ፈትቼ ከረምኩ። ሆዴ እንዳረረ የሰፈር ስብሰባ ሄድኩ። የተጠራነው ስለ ቧንቧ ውሃ ነበር፤ እኔ ግን ብድግ ብዬ፣ «ውሃውን መጤዎቹ ጠጥተውት ለኛ ምን ይተርፋል? ሥራችንን ይነጥቃሉ፤ ለዚህ አገር ግን ጠብ ያደረጉት ነገር የለም!» አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ደስ አለኝ፤ መዋሸት ምን ያደርጋል።

ዞር ስል መለሎ በሩ ላይ ቆማለች። እናቴን ትኩሳት ስለያዛት ልትጠራኝ መጥታ ነው።

እየተጣደፍን ተመለስን። ቤት እንደገባን ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ የእናቴን ግንባር ትጠርግ ጀመር። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«አንቺን ማለቴ እኮ አይደለም» አልኳት በመጨረሻ።

«ማንን ነው ታዲያ፣ ጋሼ?»

ጎንበስ ብዬ የእናቴን ብርድ ልብስ አስተካከልኩ።

«ወንድሜን ከሆነ ልክ ነዎት» አለች እጇን ሳታቆም። «ያንን ሕንፃ አሁን የሚለስነው እሱ ነው፣ በግማሽ ክፍያ። እምቢ ቢል ደጅ የሚጠብቅ ሌላ አለ። እርስዎ ሥራ ፈትተው እያየሁ እዚህ ቤት መግባት ያሳፍረኝ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለት ወር የበላነው ሚስቴ ፋብሪካ ስለዋለች ነው፤ ሚስቴ ፋብሪካ የዋለችው ደግሞ ይህች ሴት ስለነበረች ነው። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሲጨበጨብልኝ ረሳሁት።

የሠራሁትን ላካክስ ብዬ በማግስቱ ማንንም ሳላማክር ፎርማኑ ዘንድ ሄድኩ። «ለስደተኛውም ለኔ የምትከፍለውን ክፈለው፤ ያኔ ማንም የማንንም እንጀራ አይነጥቅም» አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ ወንድሟን፣ «አንተ ነህ የላክኸው» ብሎ አባረረው።

በሳምንቱ እህትና ወንድም ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ተነሱ። እናቴን የምታጥብ ሌላ ሴት ስላልነበረች ሚስቴም ፋብሪካውን ልትተው ግድ ሆነ። መለሎ ከመሄዷ በፊት ግማሽ ቀን ተቀምጣ የእናቴን አገለባበጥ ለሚስቴ አሳየቻት። እኔ ደጅ ሆኜ ድምፃቸውን እሰማ ነበር።

ስትወጣ፣ «ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ» አለችኝ።

አቀርቅሬ «ደህና ሁኚ» አልኳት። ፊቷን አላየሁትም።