በእስክሪብቶ የተከበበች እብጠት

የሙዝ ዘለላ በራሱ ጀርባ ላይ አይወጣም። አንዷ ታነሳለች፣ ሌላዋ ትሸከማለች። ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው ማሳ እስከ አይሱዙው ድረስ አሥር ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። የምታሸክመኝ ጌጤ ነበረች።

በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ክንዴና ጭኔ ያብጥ ጀመር። ክብ ክብ፣ ቀይ ቀይ። ጌጤ አየችና እጇን ሰበሰበች።

«ሻሺቱ፣ ይሄ ነገር ይጋባል።»

«በምን አወቅሽ?»

«አላወቅኩም። ለዚህ እኮ ነው የማልነካሽ።»

ሌሎቹም እሷን አይተው ራቁኝ። የሚያሸክመኝ ጠፋ። አለቃችን ኤርጫፎ ክፉ ወሬ የሚያወራው ድምፁን ቀነስ አድርጎ ነው። «አይጋባም የሚል የሐኪም ወረቀት አምጪ፣ በማግስቱ ትገቢያለሽ» አለኝ። እኔ ከስሜ ሌላ አላነብም። ወረቀት ምን እንደሚሠራ ግን አውቃለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ማርቆስ የሚባል ልጅ ተቀበለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ያሳክክዎታል?»

«አያሳክክም። ያቃጥላል።»

«ማ-ሳ-ከክ» እያለ ጻፈ።

«ልጄ፣ አያሳክክም አልኩህ።»

«አለርጂ ሁሌ ያሳክካል።»

«እንግዲያው አለርጂ አይደለማ!»

መርፌ ወጋኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስተኛ ዋልኩ፤ እብጠቱ ግን ነቅቶ ዋለ። በሳምንቱ ተመለስኩ። እብጠቱ የለቀቀው ቦታ ጠቁሮ ቀርቷል፤ እንደተመታ ሰው። ማርቆስ አሁን አየኝ።

«ይሄማ የሙዝ ግንድ ወተት ያጠቆረው ነው። ይታጠቡ።»

ሳሙና አስመጥቼ ፊቱ ታጠብኩ። አልለቀቀም። «ሳሙናው ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ከተማ ወዳለችው የቆዳ ሐኪም ሄድኩ። ዶክተር ብሩክታዊት ትባላለች። ብርጭቆ ነገር እብጠቱ ላይ ጫን አድርጋ አየች። ከዚያ «አንዷ እብጠት ስንት ቀን ትቆያለች?» አለችኝ።

«ሦስት ቀን።»

«ያችው ናት ወይስ አዲስ እየወጣ ነው?»

ተከታትዬ አላውቅም። እብጠት አልጠብቅም፣ ሥራ አለኝ።

እስክሪብቶዋን አውጥታ ክንዴ ላይ ያለችውን አንዷን ዙሪያዋን ከበበቻት። «ነገ በዚህ ሰዓት ይምጡ። ተራ አለርጂ ከሆነች ቀን ሳይሞላት ትጠፋለች።»

ያን ክንዴን አላጠብኩትም። በማግስቱ እብጠቷ ከክቡ ውስጥ ንቅንቅ አላለችም። ዶክተሯ «አለች!» ብላ ደስ አላት። እኔን ደስ አላለኝም። አደንዝዛ ከቆዳዬ ምስር የምታክል ቆረጠችና አዲስ አበባ ላከች። ደምና ሽንትም አስመረመረች። ሦስት ሳምንት ቤቴ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ውጤቱ ሲመጣ አስቀመጠችኝ።

«ሰውነትዎ የገዛ ትንንሽ የደም ሥሮቹን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። የደም ሥር ብግነት ነው። ኩላሊት የሚነካበት ጊዜ አለ፤ የእርስዎ ደህና ነው፣ ግን እየመጡ ይታያሉ።»

«ይጋባል?»

«አይጋባም።»

«ጻፊው።»

«መጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ ልንገርዎት...»

«መጀመሪያ ጻፊው።»

ጻፈች፤ ማኅተምም አደረገች። ከዚያ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን አዘዘችልኝ። «ቀስ እያልን እኛ እንቀንሰዋለን። ሲሻልዎት በራስዎ እንዳያቆሙ።»

«ላቆም እንደሆነ በምን አወቅሽ?»

«ፊትዎ ላይ ይታያል።»

በማግስቱ ማሳው ሄድኩ። እብጠቱ ገና ክንዴ ላይ ነው፤ እጅጌዬንም አላወረድኩም። ኤርጫፎ ወረቀቱን ጮክ ብሎ ሁለቴ አነበበ። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ።

«ማኅተም አለው?» አለች ጌጤ።

«አለው» አለ ኤርጫፎ።

ጌጤ አሰበች። ሻርፗን ከራሷ ፈትታ በሁለቱም እጆቿ ላይ ጠቀለለች። እኔም ጎንበስ አልኩ። አነሳችና ጫነችብኝ።

በዚያ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ አሸከመችኝ። በአራተኛው ላይ ሻርፗ ተመልሶ ጭንቅላቷ ላይ ነበር።