ሳያይ የሚመልሰው

ፕሮግራመሩ ስንት የለፋበት የቼዝ ፕሮግራም ንግሥቱን ለአማቱ ወታደር በነጻ አስረከበ። አማቱ ምንም ሳይመስላቸው አሸነፉትና ከኋላው ካለው ሶፋ ላይ ጋደም አሉ።

ሰውዬው ኮዱን ሲበረብር ጉዱን አገኘው። ፕሮግራሙ ላየው አሰላለፍ ሁሉ ቁጥር ይሰጥና መልሱን ከቁጥሩ ጋር ያስቀምጣል፤ ያ ቁጥር ድጋሚ ከመጣ ቦርዱን ዞር ብሎ ሳያይ የድሮውን መልስ ይደግማል። እሱ ደግሞ ሜሞሪ ልቆጥብ ብሎ የቁጥሩን ግማሽ ቆርጦ ጥሎት ኖሯል። ጭራሽ የማይገናኙ ሁለት አሰላለፎች አንድ ቁጥር ይዘው ቁጭ ብለዋል።

«እንዴት ያለ ደደብ ነው!» አለ ወጥ ቤት ላለችው ሚስቱ። «ጥያቄውን እንኳ ሳያይ ይመልሳል እኮ!»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አድርገህ ሠራኸው?»

«ጊዜ ይቆጥባላ!»

ሚስቱ ወደ ማብሰሏ ተመለሰች። ከዚያው ሆና የምትጠይቀው አታጣም፤ ወተቱ የት ነው፣ ቅቤው የት ነው፣ ሎሚው የት ነው።

«እማዬስ የት ሄደች?» አለች።

«ፍሪጅ ውስጥ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

አማቱ ሶፋው ላይ እንደተጋደሙ ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ሳቡት።

«እኔም እኮ ምነው በረደኝ ብያለሁ» አሉ።