ፌስታል የማይሻገርበት ደሴት

ክረምት ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ በውሃ ይሞላና የእኛ ሰፈር ደሴት ይሆናል። አምና የጎረቤታችን የገለቴ ላም ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታል በልታ ሞተች። ዘንድሮ የቀረቻት አንዲት ያረገዘች ጊደር ናት። ስለዚህ ገለቴ መሻገሪያው ላይ ቆማ ፌስታል የያዘውን ሁሉ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ታስገለብጥ ጀመር።

የእድራችን ዳኛ ኦቦ ጃራ ስኳር በፌስታል ይዘው መጡ።

«እኔ እኮ ዳኛ ነኝ!»

«ይሁን ኦቦ፤ ጊደሬ ግን የዳኛ ነው ብላ አትተወውም።»

ቅርጫት ስላልያዙ ስኳሩን ባርኔጣቸው ውስጥ ገልብጠው በዝናብ ተሻገሩ። ቤታቸው የደረሰው ባርኔጣው ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ ሜዳው ላይ ከሣር በቀር ምንም አልተገኘም። ጊደሯም በሰላም ወለደች። ኦቦ ጃራ ጥጃዋን እየዳበሱ፣ «ይሄን ሕግ ያወጣነው እኛ ነን» አሉ። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ።

ገለቴ እንገሩን በቅል አቀረበችላቸው፦ «ስኳሩን ከባርኔጣዎ ይጨምሩበት።»