የዴልፊን የቀብር ፎቶ

አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትሞ ለቀብር ለመጣው ሁሉ ይታደላል። ሽፋኑ ላይ የሚወጣውን ፎቶ የሚመርጠው ቤተሰብ ነው። ሟችማ ምን አገባው።

ባለፈው ወር ኦዴሳ ስትቀበር፣ ሠላሳ ዓመት በቀሚስ የሚያውቋት ጓደኞቿን ወረቀቱ ላይ የጠበቃቸው ከረባት ያሰረ ጎረምሳ ነው። ስሙም ወንድ ተብላ ስትወለድ የወጣላት ስም። ከጓደኞቿ አንዷ ዴልፊን፣ የማታውቀው ሰው ቀብር የገባች መስሏት ይቅርታ ጠይቃ ልትወጣ ነበር።

እሷም እንደ ኦዴሳ ወንድ ተብላ ተወልዳ ሴት ሆና የኖረች ናት። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የቀራት ዘመድ ታላቅ ወንድሟ ዲያቆን ሩፈስ ብቻ። እሱ ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በወታደር ልብስ የተነሳችውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሞቷን የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ፎቶ ልትነሳ ሄደች። ከኒውዮርክ የመጣች አንዲት ልጅ እንደ ዴልፊን ያሉ ጥቁር ሴቶችን ለኤግዚቢሽን በነጻ ታነሳለች። ታዝንላቸዋለች፤ ሐዘኗ ካሜራዋን ያክላል።

"እትዬ ዴልፊን፣ ዊጉን አውልቂውና እውነተኛዋን አንቺን እንያት።"

"እውነተኛዋን ለማሰናዳት ሦስት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ደህና አድርገሽ እያት።"

"እሺ፣ በመስኮቱ እያየሽ ትንሽ ከፋ ይበልሽ።"

"ውጭ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው የኔ ልጅ። ለመኪና ማቆሚያ አልከፋም።"

በመጨረሻ ቢጫ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ፍንጭቷ እስኪታይ ስቃ ተነሳች። ፎቶውንም ይዛ ሩፈስ ቤት ገባች።

"ስሞት የምታወጣው ይሄን ነው" አለችው።

"እኔ የወንድሜ ፎቶ አለኝ" አለ ግድግዳውን እያሳየ።

ዴልፊን ከቦርሳዋ ሌላ ፎቶ አወጣች። ሩፈስ በሰባት ዓመቱ፣ በቤተክርስቲያን ድራማ ላይ፣ የእናታቸውን ነጠላ ጫማና ሰማያዊ ሻሽ አድርጎ እመቤታችንን ሆኖ ሲጫወት።

"ሐኪሙ ስለ ልብህ የነገረህን ሰምቻለሁ። ቀድመህ የምትሄደው አንተ ነህ፤ ፎቶ የምመርጠው ደግሞ እኔ።"

"ታስፈራራኛለህ?" አላት ሩፈስ።

"ኧረ በጭራሽ። ሻሹ በጣም ያምርብሃል።"

ሩፈስ የራሱን የቀብር ወረቀቶች ያስቀመጠበትን መጽሐፍ ቅዱስ ገለጠና ባለ ቢጫ ባርኔጣዋን ዴልፊን ከመካከላቸው አኖራት።

"ሳቁ ግን በዝቷል" አለ። "እንዲህ እየሳቅሽ ማን ያለቅስልሻል?"

"ማንንም አልለመንኩ።"

"እኔ አለቅሳለሁ።"

ዴልፊን አንገቷን ደፍታ ቦርሳዋ ውስጥ መሐረብ መፈለግ ጀመረች።