የአቻምየለሽ ድብብቆሽ

«ውሻው ዛሬም ምንም አልቀመሰም» አለች እታለም፣ ሳሕን ይዛ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆማ። «ጉበት ቆራርጬ ሰጠሁት፤ ዞሮ እንኳ አላየውም። ሦስተኛ ቀኑ እኮ ነው፣ ጋሽ ታፈሰ!»

መምህር ታፈሰ ከፍራሹ ላይ ወገባቸውን አቅንተው፣ የጥቁር ኮታቸውን ቁልፎች እስከ ላይ ቆልፈው ተቀምጠዋል። በቀኛቸው ዲዳ የሚባለው የቡቲዬ ሰፈር ጎረቤታቸው፣ በግራቸው የከብት ነጋዴው ዋርዮ ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋቸዋል። ሚስታቸውን አቻምየለሽን ቀብረው ከተመለሱ ጀምሮ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ብቻቸውን የተዋቸው የለም። ጉልበታቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር አራት እጅ ይዘረጋል፤ «ይቀመጡ፣ የሚሹትን እኛ እናመጣለን» ይባላሉ። ሊገፉት የማይችሉት ደግነት ነውና ይቀመጣሉ።

የሟችን ውሻ ግን ከተቀመጡበት ሆነው ያዩታል። ዳማ ከማድ ቤቱ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ለቀስተኛው ዙሪያውን እየዞረ ያልፋል።

«ምዋሊሙ፣ ይኸ ውሻ ታሟል» አለ ዋርዮ ወደ መምህሩ ዞሮ። «ፖሌ ሳና፣ አይዞዎት ብዬ ብቻ ዝም አልልም። ሎሪዬ ከምሳ በኋላ ወደ ኡራን መንደር ይነሣል። አስሬ ልውሰደው። እዚያ ከፍየል ጋር ሲውል ይረሳታል።»

«አንተ መድኃኒትህ ሁሉ ሎሪ ነው» አለው ዲዳ። «ባለፈው አማትህን ጥርሷን ሲያማትም ሎሪ ላይ ጫንካት።»

«ዳነች አይደል?»

ሳቅ የመጣባቸው ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አነሡ። የሟች የአክስት ልጅ የሆነችው እታለም ግን አልሳቀችም። «እኔም ቢወስደው ይሻላል እላለሁ፣ ጋሽዬ። አቻም እንዲህ ሆኖ ብታየው…» ብላ ሳሕኑን መሬት አስቀመጠች። ዋርዮ ገመድ እንዲያመጡለት ጠየቀ።

ውሻው አልታመመም፤ እየታዘዘ ነበር። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ትናንት ተቀብራለች።

አቻምየለሽ ከዳማ ጋር ድብብቆሽ መጫወት የጀመረችው ስድሳ ዓመት ከሞላት በኋላ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው ታዞረዋለች። «ኩኩሉ!» ትላለች፤ ውሻ መናገር ስለማይችል «አልነጋም!» ብላ የምትመልሰውም ራሷ ናት። አልነጋም እያለች ቀሚሷን ሰብስባ ትሮጣለች። ከተደበቀችበት ሆና «ነጋ!» እስክትል ድረስ ዳማ ከጆሮው በቀር ሌላ ነገሩን አያንቀሳቅስም። ከዚያ ግቢው ይናወጣል። ሲያገኛት ከመዳፏ ዳቦ ይበላል፤ እሷም እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች።

«የመምህር ሚስት ነሽ» ብለዋት ነበር አንድ ቀን። «ጎረቤት ያያል።»

«ይየኛ! እስኪ አንተም አንዴ ተደበቅለት። ሁልጊዜ እኔን ማግኘት ሰልችቶታል።»

«እኔ በዚህ ከተማ የተደበቅሁት ይበቃኛል።»

ይህን ሲሉ ሳቋ ቆመ። ድንበሩን ያለ ወረቀት ተሻግረው ወደዚህ ከተማ በመጡባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ኪፓንዴ የሚሉትን መታወቂያ የሚጠይቁ ሰዎች በር በመቱ ቁጥር ሁለቱ ከመጸዳጃው ጀርባ ተጣብቀው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይቀመጡ ነበር። እሷ ያንን ነገር ጨዋታ አደረገችው፤ እሳቸው ግን ይቅር አላሏትም።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት ደረቷን ይዛ ወደቀች። በብርድ ልብስ አድርገው ወደ መኪና ሲያስገቧት ዳማ ተከትሎ ሊዘል ሲል እጇን አነሣች። «ዳማ፣ አልነጋም» አለችው። ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አስከሬኗ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለ ተወሰደ ወደዚህ ግቢ አልተመለሰችም።

«ነጋ» ቢሉት ተነሥቶ ይፈልጋታል፤ አያገኛትም። ባይሉት ወይ ከግድግዳው ሥር ይሞታል፣ ወይም የታዘዘው ሳይነሣለት በገመድ ታስሮ ኡራን ይወርዳል። ከዚህ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ መሆኑን መምህር ታፈሰ ካወቁ ቆይተዋል። ሲፈልግ የሚያገኘው ሰው መኖር አለበት።

ገመዱ ሲመጣ ከሻይ ጋር የቀረበላቸውን ዳቦ ኪሳቸው ከተቱና ተነሡ። አራቱ እጆች ተዘረጉ።

«ወደ መጸዳጃ ነው» አሉ።

ዲዳ ወዲያው የውኃውን ጆግ አነሣ።

«እዚያም ትሸኘኛለህ?»

«ወድቀው ቢገኙ አቻም በሕልሜ መጥታ ትገላምጠኛለች፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ፊትህን አዙር።»

ዲዳ በጨዋ ደንብ ጀርባውን ሰጣቸው። መምህር ታፈሰ መጸዳጃውን አልፈው፣ በግንቡና በቆርቆሮ አጥሩ መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ገቡ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ቁጢጥ አሉ። ቦታው ያኔ ለሁለት ሰው በቅቶ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ሰው ጠበበ። ከፊት ግንቡ፣ ከኋላ የጋለው ቆርቆሮ ጨምቆ ያዛቸው።

«ነጋ» አሉ። ለተማሪ ቃለ ጽሕፈት የሚያስጽፉ ይመስል ነበር። ግቢው እንደ ነበረ ነው።

«ነጋ!»

«ጋሼ? ምን አሉ?» አለ ዲዳ።

ለአርባ ዓመት ተማሪ ያስተዳደሩበትን ድምፅ ተዉት። አቻምየለሽ ትለው እንደ ነበረው፣ ቃሉን ጫፉ ላይ አንሥተው እንደ ልጅ ጮኹ፤ «ነጋኣ!»

ከዚያ ብርጭቆ ሲገለበጥ፣ ዋርዮ «ሺካ! ያዙት!» ሲል፣ እታለም «በስመ አብ!» ስትል ተሰማ። ዳማ በመጀመሪያ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ፣ ቀጥሎ ከአልጋው ሥር እንደ ሄደ ከጥፍሮቹ ኮቴ ዐወቁ። ሁለቱም የእሷ ቦታዎች ነበሩ። ከዚያ ኮቴው ጠፋ። መምህር ታፈሰ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። ከዚህ ጥግ ተቀምጠው የሚፈልጋቸው እንዲያገኛቸው ሲመኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

እርጥብ አፍንጫ በክፍተቱ ገባ።

ዳቦውን በመዳፋቸው ዘረጉለት። ዳማ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አሸተተ። ከዚያ ዳቦውን በጥርሱ ጫፍ ወስዶ በላ፤ ፍርፋሪውንም ከመዳፋቸው ላሰ።

«ጋሽ ታፈሰ! የት ገቡ? ኧረ ሰዎች፣ እዚህ የሉም!» ዲዳ ይጣራል። እሳቸው ከተደበቁበት ንቅንቅ አላሉም።

ዳማም አልሄደም። አንገቱን አስግጎ፣ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ፣ ያኔ አቻምየለሽ ትቀመጥበት ወደ ነበረው ጥግ ይመለከት ጀመር። ጅራቱ ቀስ ብሎ ተወዛወዘ።

መምህር ታፈሰ ኮታቸው በቆርቆሮው ጠርዝ ሲቀደድ እየሰሙ፣ ጥጉን እንዲያይ ፈቀቅ አሉለት።