የእሜቴ ጎተራ

መምህር አድማሴ አሥራ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምሮ ደክሞታል። ቀን ክፍል፣ ከሰዓት ስብሰባ፤ በማግስቱም ያው ነው። መካነ ሰላም ትምህርት ቤት ጠመኔ ያልቃል እንጂ ስብሰባ አያልቅም።

በ1973 ዓ.ም. ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቹ አንድ ሥራ ሰጠ። «ስለ ስልሳ አምስቱ ድርቅ ሽማግሌ ጠይቁና ልብ ወለድ ጻፉ። ግን የምትጠሉትን ሰው ሆናችሁ ነው የምትጽፉት» አላቸው። ብልሃት መስሎት ነበር። ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ ሆዱ የገፋ ባላባት ከመማሪያ መጽሐፍ ገልብጠው አመጡለት። ሲያርም መንጋጋው እስኪያመው አዛጋ።

ሸጋዬ ሞላ ግን ባዶ እጇን መጣች። አባቷ የእሜቴ ወለተ ጊዮርጊስ ጭሰኛ ነበር። በድርቁ ዓመት እደጃቸው ሦስት ቀን ተቀምጦ እህል ለመነ፤ ጎተራው እንደተቆለፈ ቀረ፤ በሦስተኛው ቀን የሸጋዬ ታናሽ ወንድም ሞተ። ሞላ ሴትዮዋን እስከዛሬ ይረግማል። ሸጋዬ እሳቸውን ልትሆን መርጣ፣ መሬቱ ከተወረሰ ወዲህ በአንዲት ጎጆ የሚኖሩትን አሮጊት ሦስት ቅዳሜ እየሄደች ጠይቃ ነበር።

«ጋሼ፣ ጎተራው ባዶ ነበር» አለች። «አንዲት ፍሬ አልነበረበትም። የነእሜቴ ቤት አለቀለት እንዳይባል ነው የቆለፉት። ራሳቸው ናቸው እያለቀሱ የነገሩኝ።»

«ታዲያ ጻፊዋ።»

«አባቴ በወላጆች ቀን ይመጣል። እስከዛሬ በእግሩ ያቆመው እኮ እሳቸውን መጥላቱ ነው። ይህን ሰምቶ ምን ይውጠዋል?»

አድማሴ ደብተሮቹን ሰብስቦ ተነሣ። ከድካም የሚመጣ ድፍረት አለና «የሰማሽውን ጻፊ» አላት። እቤቱ ሲደርስ ተጸጸተ፤ መጸጸቱም ደከመውና ተኛ።

የወላጆች ቀን ደረሰ፤ ሸጋዬ እሜቴን ሆና አነበበች። «ልክፈትላቸው? ከፍቼስ ምን ላሳያቸው? የአባቴ ጎተራ በእኔ እጅ ባዶ ቀረ ይበሉ? ዛሬን ይደሩ፤ ነገ ያዘንብ ይሆናል።» ከኋላ ወንበር ሞላ ብድግ ብሎ ወጣ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ንባቧን ቀጠለች።

አድማሴ ተከትሎት ወጣ። ሞላ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አድማሴ ስድብ ለመቀበል ተዘጋጀ፤ ይገባኛል ብሎ ነው።

«ሴትዮዋ ባዶ ነው ብትለኝ ደሴ እወርድ ነበር» አለ ሞላ። «እርዳታ አለ ይባል ነበር። ልጄ ይተርፍልኝ ነበር።»

«ሸጋዬን እንዳይቆጧት፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።»

«ልጂቱ ምን አጠፋች? አንቱ መምህር፣ የእኔንስ ማን ይጻፈው?» መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። «ያን ዓመት እኛም ቤት ውሃ ብቻ ጥደን እሳት እናነድ ነበር። ከቤታቸው ጢስ ጠፋ ብሎ ጎረቤት እንዳይንቀን ነው። ይታይሽ የምትባል ጎረቤታችን ጢሱን አይታ ልጇን አዝላ መጣች። የለኝም ማለት ሞት መሰለኝ። ገና አልበሰለም አልኳት።»

አድማሴ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«እስኪበስል ልጠብቅ ብላ፣» አለ ሞላ፣ «ደጃፌ ላይ ተቀመጠች።»