የጋሼ በሪሁን መክፈቻ

ሱሀይር ከጋሼ በሪሁን ጋር ከምትጫወታቸው ሁለት ጨዋታዎች አንዱን እንኳ ካሸነፈች ለአዲስ አበባ የቼዝ ቡድን ትመረጣለች፤ ካላሸነፈች ቦታው የእሳቸው ነው። ቼዝ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። በርበሬ በረንዳ ያለውን ሱቋን እየዘጋች፣ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ካለው የጨርቅ ሱቃቸው ስምንት ዓመት ተመላልሳለች። ያስተማሯት የጨዋታ መክፈቻ አንድ ነው፤ ወታደር፣ ፈረስ፣ ቢሾፕ፣ ከዚያ ፈረሱን ወደ ባላጋራ ንጉሥ ደጃፍ መላክ። ከስልክ ልማር ስትላቸው «እኔ እያለሁልሽ?» ብለው ይቆጧታል። አምናቸው ተወችው።

ጠዋት በመጀመሪያው ጨዋታ ነጭ የደረሳት እሷ ነበረች። ፈረሷን ላከች። እንዳስተማሯት ከሆነ ጋሼ በሪሁን ደጃፋቸውን መከላከል ነበረባቸው፤ እሳቸው ግን ክፍት ትተውት ቢሾፓቸውን አወጡ። ደስ ብሏት የደጃፉን ወታደር በላች። ወዲያው ቢሾፑን ንጉሧ አጠገብ ገብረው ንጉሧን ከቤቱ ጎትተው አወጡት፤ ብዙም ሳትንፈራገጥ አለቀላት። አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ብለው አላሰቡም። የመክፈቻውን መልስ ድሮም ያውቁት ነበር ማለት ነው። ቀዳዳ ዕቃ አስታቅፈው ስምንት ዓመት አጨበጨቡላት! ደሟ ፈላ።

በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ይዛቸው ለምን እንደደበቋት ጠየቀቻቸው። አላፈሩም።

«መርካቶ ውስጥ ዕቃ የሚያመጣበትን የሚያሳይ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ልጄ ነሽ ሲሉኝ አልነበር?»

«ለልጅም አይታይም» አሉ ጋሼ በሪሁን።

በሁለተኛው ጨዋታ ነጭ እሳቸው ሆኑ። ወታደር፣ ፈረስ፣ ቢሾፕ። ፈረሱን ሊያነሱ የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ መክፈቻ ተጫውተው አያውቁም፤ መልሱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ አላስፈለጋቸውም። ጠዋት ግን በገዛ እጃቸው አሳዩአት። ሰዓታቸው እየሮጠ ዐሥር ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አቻ እንውጣ አሏት። አቻ ከወጡ እኮ የሚመረጡት እሳቸው ናቸው! ንዴቷ ይብስ ተቀጣጠለ።

«ይጫወቱ» አለቻቸው።

ዳር ያለ ወታደር ገፉ። ከዚያ በኋላ እንደ ጀማሪ ተደናበሩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም እጅ ሰጥተው ንጉሣቸውን አስተኙ።

ተመልካቹ ሲከብባቸው ጋሼ በሪሁን ፈገግ ብለው ያስተማርኳት እኔ ነኝ ይሉ ጀመር። ሱሀይር ጠጠሮቹን እንደ አዲስ ደረደረችና በዙሪያዋ የቆሙትን ጠጋ እንዲሉ ነገረቻቸው። የጠዋቱን መልስ ከመጀመሪያው ወታደር ጀምራ አንድ በአንድ ታሳያቸው ጀመረች።

«ተይ እንጂ፣ ሱሀይር» አሉ ጋሼ በሪሁን፤ ፈገግታው ከፊታቸው ጠፍቷል።

ጨርሳ አሳየቻቸው። ከኋላ የቆሙት አላየንም ሲሏት፣ ደግማ ደረደረች።